ምዕራፍ ሰባት፦ ጠይም ፊት በነጭ ላይ

«ጥለቱስ?» አሉኝ።

ላሊበላ ነን፤ የገና ማግስት። የካሜራዬን ስክሪን ያሳየኋቸው እናት ነጠላቸውን ከትከሻቸው ሳብ አድርገው ጠርዙን በሁለት ጣታቸው ያዙልኝ። ቀጭን አረንጓዴና ወርቃማ ጥለት አለው። ፎቶው ላይ ግን ጥለት የለም፤ ፈትል የለም፤ እጥፋት የለም። ከአንገታቸው በታች ያለው ሁሉ ምንም እንዳልተጻፈበት ወረቀት ባዶ ሆኗል። ፊታቸውም የሳቸው አይደለም። የጠይም መልከ መልካም ናቸው፤ ፎቶው ግን አመድ የተነፋባቸው አስመስሏቸዋል።

«ይኸን እኮ የፈተልኩት እኔ ነኝ» አሉ፣ ሳይቆጡ። «የት ጣልከው ልጄ?»

ያን ቀን ልሠራ ያሰብኩት ፎቶ አንሺዎች «ሃይ ኪ» የሚሉትን፣ ሁሉ ነገሩ የፈካና ጥላው የሳሳ የሰው ምስል ነበር። ነጭ የለበሰ ሰው በነጭ ጨርቅ ፊት ማስቀመጥ፣ ከዚያ ብርሃኑን ማብዛት፤ ሥራው ይኸው መስሎኝ ነበር። የእናቲቱ ጥያቄ የተማርኩትን ሁሉ እንደገና እንድማር አደረገኝ። ይህ ምዕራፍም የዚያ ጥያቄ መልስ ነው፤ ፈትሉ የት ጠፋ? እንዴትስ ይመለሳል?

ስሙና ትርጉሙ

«ኪ» የሚለውን ቃል በፊልም መብራትም እናገኘዋለን። ተዋናዩን በዋናነት የሚያበራው መብራት «ኪ ላይት» ይባላል፤ እኛ ዋና ብርሃን እንበለው። ዋናው ብርሃን የጣለውን ጥላ የሚያሳሳው ሁለተኛው ብርሃን ደግሞ «ፊል» ነው፤ ረዳት ብርሃን እንበለው። ረዳቱ ብርሃን ከዋናው ጋር ሲቀራረብ ጥላው ይሳሳል፣ ምስሉ ይፈካል፤ ይህ ሃይ ኪ ነው። ረዳቱ ሲያንስ ወይም ሲጠፋ ጥላው ይጠቁራል፣ ምስሉ ይከብዳል፤ ያ ሎው ኪ ነው።

ስለዚህ ሃይ ኪ ማለት ብርሃን የበዛበት ፎቶ ማለት አይደለም። ጥላው የሳሳበት፣ አብዛኛው ነገር ወደ ነጭ የተጠጋበት፣ ግን ከሰውና ከልብሱ አንድም ነገር ያልጠፋበት ፎቶ ማለት ነው። ብርሃን ሲበዛ የሚሆነውን እናቲቱ ነጠላ ላይ አይተነዋል።

ለዚህ ዓይነቱ ምስል ዓይናችን እንግዳ አይደለም። የአገራችንን የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ቅዱሳኑ ፊት ለፊት ያዩናል፤ ዓይናቸው ትልቅና ጥርት ያለ ነው፤ ግማሽ ፊታቸውን የዋጠ ጥላ የለም፤ መሬት ላይም ጥላ አይጥሉም። ብርሃኑ ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ በሁሉም ላይ እኩል አድሯል። ሆኖም የዓይን ብሌን፣ የቅንድብና የአፍንጫ መስመር በጥቁር ቀለም ጠንከር ብሎ ተጽፏል። ሥዕሉን የሚይዘው ያ ጥቁር መስመር ነው። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የላስታ ብርሃን

የላስታዋ ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከከተማዋ በላይ የቆመው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። እንዲህ ባለ ከፍታ አየሩ ስስ ነው። የፀሐይን ብርሃን በትኖ ወደ ጥላው የሚያስገባው አየርና አቧራ ሲያንስ ሰማዩ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ይሆናል፣ ፀሐይ የነካችው ቦታ በጣም ይበራል፣ ጥላው ደግሞ በጣም ይጠቁራል። ዓይናችን ሁለቱንም አብሮ ያያል፤ ካሜራ ግን አንዱን ሲይዝ ሌላውን ይለቃል።

ሌላም አለ። ላሊበላ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ግድም ላይ ስለሆነች በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ፀሐይ አናት ላይ ትቆማለች። ያኔ ቅንድብ ዓይንን ያጨልመዋል፣ አፍንጫ ከንፈር ላይ ጥላ ይጥላል። በገና ሰሞን ፀሐይ ወደ ደቡብ ዘንበል ስለምትል ፊት ላይ ትንሽ ትራራለች፤ ቢሆንም እኩለ ቀን ላይ ነጭ ነጠላ ከፀሐይ በታች ዓይን ይወጋል።

«እንግዲያው ጥላ እንፈልግ» ማለታችሁ አይቀርም። ትክክል ነው፤ ግን የላሊበላ ጥላ የራሱ ቀለም አለው። አብያተ ክርስቲያናቱ የተፈለፈሉበት ድንጋይ ቀይ ነው፤ ብዙዎቹ የከተማዋ አሮጌ ቤቶችም የተሠሩት ከዚሁ ቀይ ድንጋይ ነው። ፀሐይ ቀይ ግድግዳ መትታ ስትመለስ ቀይ ሆና ትመለሳለች። ከግድግዳው አጠገብ የቆመ ሰው አንድ ጉንጩ ይቀላል፤ ነጠላውም አንድ ጎኑ ቅላት ሲይዝ ሌላው ጎኑ ከሰማዩ ሰማያዊ ይሆናል። ነጭ መሆኑ ይቀራል። ፍላሽ የሚያስፈልገን እዚህ ላይ ነው። ፍላሽ ቀለሙ የታወቀ፣ መጠኑ በእጃችን ያለ፣ ወደፈለግንበት የምንወስደው ብርሃን ነው።

ካሜራ ነጭን ለምን ግራጫ ያደርጋል?

ካሜራ ውስጥ ያለው የብርሃን መለኪያ ነጠላ ይሁን ጋቢ፣ ከሰል ይሁን ኑግ አያውቅም። የሚያውቀው የመጣለትን ብርሃን መጠን ብቻ ነው፤ ያየውን ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ያስባል። ፎቶ አንሺዎች ለዚህ መለኪያ የሚይዙት ግራጫ ካርድ ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶውን ይመልሳል። ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ግን 90 በመቶ ግድም ይመልሳል፤ የካርዱን አምስት እጥፍ። ስለዚህ ፍሬሙ በነጭ ሲሞላ መለኪያው «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ይቀንሳል፤ ነጠላው ያልታጠበ ይመስላል፣ ፊቱም ይጨልማል።

ፎቶ አንሺው ይህን ሲያይ ኤክስፖዠሩን ከፍ ያደርጋል። አሁን ደግሞ ሌላኛው ችግር ይመጣል። በፎቶ ቋንቋ ብርሃን በእጥፍ ሲጨምር አንድ ስቶፕ ጨመረ ይባላል። ነጭ ጨርቅ ከመካከለኛው ግራጫ ሁለት ስቶፕ ከምናምን በላይ ነው። ብዙ ካሜራዎች ደግሞ ከመካከለኛው ግራጫ ሦስት ስቶፕ ግድም በላይ የሆነውን ነገር ዝርዝር አውጥተው ባዶ ነጭ ያደርጉታል። ልዩነቱ ስቶፕ እንኳ አይሞላም! ጠይም ፊት ብዙውን ጊዜ ከግራጫው እኩል ወይም ዝቅ ያለ ነው። ፊቱን ለማፍካት ሁሉንም በአንድ ስቶፕ ከፍ ስናደርግ ፊቱ ደህና ሲሆን ነጠላው ገደል ይገባል። የእናቲቱ ፈትል የጠፋው እዚህ ነው።

መፍትሔው አንድ ነው፤ ለፊት የሚሆነውን ብርሃን ለፊት፣ ለጨርቅ የሚሆነውን ለጨርቅ ለየብቻ መስጠት። በአንድ ፀሐይ ይህ አይቻልም። ከካሜራ በተለየ ፍላሽ ግን ይቻላል።

ፍላሹን ከካሜራ ማውረድ

ካሜራ አናት ላይ የተሰካ ፍላሽ ብርሃኑን ከሌንሱ አቅጣጫ ፊት ለፊት ይልካል። ፈትል ግን የሚታየው በጥላው ነው። እያንዳንዱ ክር ከጎኑ ለቆመው ክር እጅግ ቀጭን ጥላ ሲጥል ያን ጊዜ ዓይናችን «ይኸ ጨርቅ ነው፣ ይኸ በእጅ የተፈተለ ነው» ይላል። ብርሃኑ ፊት ለፊት ሲመጣ እነዚያ ጥቃቅን ጥላዎች ከየክሩ ጀርባ ይደበቃሉ። ፍላሹን አውርደን ወደ ጎንና ወደ ላይ ስንወስደው ግን ሽመናው ይነሳል፣ የጉንጭ ቅርጽ ይወጣል፣ የዓይን ብሌን ላይ አንዲት የብርሃን ነጥብ ታርፋለች።

የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም፤ ሁለት በእጅ የሚስተካከሉ ፍላሾች፣ ገመድ አልባ ትሪገር፣ አንድ ነጭ ጃንጥላ፣ አንድ ስታንድ፣ ሦስት ሜትር አቡጀዴ፣ አንድ ነጭ አንሶላ። ባትሪዎቹን ሌሊቱን ቻርጅ አድርጉ፣ መለዋወጫም ያዙ፤ የላስታ ብርድ ባትሪን ያደክማል።

በሁለተኛው ቀን እናቲቱ ጋ ስመለስ ያደረግኩትን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። ቤታቸው ክብ፣ ባለ ሁለት ደርብ የድንጋይ ጎጆ ነው። ከቤቱ ጀርባ፣ ፀሐይ በማትደርስበት በኩል አቡጀዴውን ወጥረን ሰቀልነው። ዱካቸውን ከጨርቁ ሁለት ሜትር ወደፊት አስቀመጥኩ። ይህ ርቀት ወሳኝ ነው። ሰው ለጨርቁ ከቀረበ ከጨርቁ የሚመለሰው ብርሃን በጉንጭና በትከሻ ላይ ዞሮ ጠርዙን ይበላዋል።

አንደኛ፣ ያለ ፍላሽ አንድ ፎቶ። አይኤስኦ 100፣ ሹተር 1/200፣ አፐርቸር ኤፍ 8። ምስሉ ጨለም ብሎ ወጣ፤ የፈለግኩትም ያንን ነው። የአካባቢው ብርሃን ከቀይ ግድግዳው ይዞት የሚመጣው ቀለም ጉልበት አጣ ማለት ነው። ሹተሩን ከዚህ በጣም አታፍጥኑት፤ ብዙ ካሜራዎች ከ1/200 ወይም ከ1/250 በላይ ከተራ ፍላሽ ጋር ሲሠሩ የፎቶው አንድ ጎን ይጠቁራል።

ሁለተኛ፣ የጀርባው ፍላሽ ብቻ። ፍላሹን ከእናቲቱ ጀርባ መሬት ላይ፣ በአካላቸው ተከልሎ ወደ ጨርቁ እንዲያይ አስቀመጥኩት። ከጉልበቱ ግማሹን፣ 1/2 ሰጠሁት። ፎቶው ላይ እናቲቱ ጥቁር ጥላ ሆኑ፤ ጨርቁ ግን ቦግ አለ። ካሜራው ላይ የጠፋ ነጭን በብልጭታ የሚያሳየውን ማስጠንቀቂያ አብርቼ አየሁ። ጨርቁ ላይ መብለጭለጭ ሲጀምር ይበቃል። ከዚያ በላይ ከጨመርን ትርፉ ብርሃን ተመልሶ ሌንሱ ውስጥ ገብቶ ምስሉን ጭጋግ ያለብሰዋል።

ሦስተኛ፣ የፊቱ ፍላሽ። ጃንጥላውን ከፊታቸው አንድ ሜትር ርቀት ላይ፣ ከዓይናቸው ከፍ አድርጌ፣ ወደ ጎን 45 ዲግሪ ላይ አቆምኩት። ጉልበቱ 1/4። እዚህ ላይ አንድ የተፈጥሮ ሕግ ይረዳናል። ብርሃን ከምንጩ ሲርቅ በርቀቱ ካሬ ልክ ይቀንሳል። ፊታቸው ከጃንጥላው አንድ ሜትር ከሆነ፣ ጉልበታቸው ላይ ያረፈው ነጠላ 1.4 ሜትር ይሆናል፤ 1.4 በራሱ ሲባዛ ወደ 2 ይጠጋል። ስለዚህ ነጠላው ከፊታቸው ግማሽ ብርሃን ብቻ ያገኛል፤ አንድ ስቶፕ ዝቅ ይላል። ያ አንድ ስቶፕ ነው ፈትሉን የመለሰው። ጃንጥላውን ሦስት ሜትር ብናርቀው ኖሮ ፊትና ነጠላ እኩል ሊባል የሚችል ብርሃን ያገኙ ነበር፤ ጥቅሙም በዚያው ይጠፋ ነበር።

ራስ ላይ የተጣለው የነጠላ ጠርዝ ግን ከፊት እኩል ለብርሃኑ ቅርብ ነው፤ ቀድሞ የሚቃጠለው እሱ ነው። «እማማ፣ ትንሽ ወደ ኋላ መለስ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። ጃንጥላውንም ትንሽ ወደ ፊት ለፊታቸው አዞርኩት፤ ጠንካራው የመካከሉ ብርሃን አልፎ እንዲሄድና ለስላሳው ጠርዙ ፊታቸውን እንዲዳስስ።

አራተኛ፣ ጥላውን ማሳሳት። የልጅ ልጃቸው አንሶላውን በሌላኛው ጎን ዘርግታ ያዘች። ከጃንጥላው ያለፈው ብርሃን አንሶላውን መትቶ ወደ ሁለተኛው ጉንጭ ተመለሰ። አንሶላው ሲቀርብ ጥላው ሳሳ፤ ሲርቅ ጠነከረ። ጥላው ጨርሶ እንዳይጠፋ የት ላይ እንደምትቆም በዓይኔ መርጬ ነገርኳት።

ነጭ ሁሉ አንድ አይደለም

ጥጥ የምትፈትል ሴት ይህን ታውቃለች። ባዘቶ ነጭ ነው፤ አመልማሎ ነጭ ነው፤ ድውሩ ነጭ ነው፤ ተሸምኖ የታጠበው ነጠላም ነጭ ነው። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን አራቱም ይለያያሉ። ጥሩ ሃይ ኪ ፎቶም እንዲህ ነጮቹ ማዕረግ አላቸው። ከሁሉ በላይ የሚያበራው ጀርባው ነው። ቀጥሎ ብርሃን የነካው የነጠላ ጎን ይመጣል፤ ከዚያ የእጥፋቱ ጥላ። ሦስቱ አንድ ሲሆኑ ምስሉ ያልቃል።

ከላሊበላ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ዋሻ ውስጥ የቆመው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ጥሩ መምህር ነው። ከንጉሥ ላሊበላ በፊት የነገሠው ይምርሐነ ክርስቶስ ያሠራው ይህ ቤት ግድግዳው ጥቁር እንጨትና በነጭ የተለሰነ ድንጋይ እያፈራረቀ የተሠራ ነው። ዋሻው ጨለማ ነው፤ የሚገባው ብርሃን ጥቂት ነው። ነጩ ግን ያበራል። በብርሃን መለኪያ ብንለካው ደጅ ጥላ ሥር ካለ ቀይ ድንጋይ ያነሰ ብርሃን ይመልስ ይሆናል። ነጭ የሚያሰኘው አጠገቡ ያለው ጥቁር እንጨት ነው። ነጭ ነጭ የሚሆነው በጎረቤቱ ነው።

አሁን ወደ ሥዕሉ ጥቁር መስመር ልመለስ። ሃይ ኪ ፎቶ ውስጥ ጀርባው ነጭ፣ ልብሱ ነጭ ነው። ጎረቤት ሆኖ ነጩን ነጭ የሚያሰኘው ምን ቀረ? ፊቱ ነው። ጠይሙ ፊት፣ ጥቁሩ ዓይን፣ የቅንድቡ መስመር። ፊቱን ካነጣነው ጎረቤቱን አጠፋን፤ ነጠላውም በዚያው ነጭነቱን ያጣል።

ጠይም ጠይም ይሁን

ይህን በአጽንዖት የምጽፈው ምክንያት አለኝ። በየከተማው ፎቶ ቤት «ቀላ አድርገህ አንሳኝ» የሚል ደንበኛ አለ። የሚጠየቀውን የሚያደርግ፣ ሳይጠየቅም ፊት የሚያነጣ ባለሙያ አለ። ችግሩ ከእኛ ብቻ የመጣ አይደለም። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የኮዳክ ፊልምና የማተሚያ ቀለም የሚስተካከለው «ሸርሊ» በሚባል፣ የነጭ ሴት ፎቶ ባለበት ካርድ ነበር። በዚያ ልክ የተቆረጠ ሚዛን ጠይምና ጥቁር ፊት ላይ ዝርዝሩን ይበላ ነበር። ዛሬ ፊልሙ ቀርቷል፤ ብርሃኑን የምንመድበው እኛ ነን። ሰበብ የለንም።

ጠይም ፊት እንዲፈካ ማድረግና ማንጣት ይለያያሉ። ጠይም ቆዳ ብርሃንን የሚያሳየው በአብላጫው በወዙ ነው። ግንባር፣ የጉንጭ አጥንትና የአፍንጫ ጫፍ ላይ ብርሃኑ እንደ መስታወት ይመለሳል። ትልቅና ቅርብ የሆነ ብርሃን፣ ለምሳሌ አንድ ሜትር ላይ የቆመ ጃንጥላ፣ ያን ነጸብራቅ ሰፋ አድርጎ ለስላሳ ያደርገዋል። ቆዳው ቀለሙን ሳይለቅ ያበራል። ስለዚህ ፊቱ ጠቆረ ብላችሁ ካሰባችሁ ጉልበት ከመጨመራችሁ በፊት ብርሃኑን አቅርቡ፣ አስፉ፣ ጎኑን ቀይሩ። አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ሁለት ፍላሽ የሌለው ሰው ተስፋ አይቁረጥ። አሜሪካዊው ሪቻርድ አቬዶን እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1984 የምዕራብ አሜሪካን ሠራተኞች ሲያነሳ ነጭ ወረቀት ጥላ ውስጥ እየሰቀለ በተፈጥሮ ብርሃን ብቻ ነው የሠራው። የማዕድን ሠራተኛው ፊት ላይ ያለው ጥላሸት በዚያ ነጭ ላይ ሁሉ ነገሩ ይነበባል። አንድ ፍላሽ ካላችሁ ለጀርባው ስጡት፤ ለፊት የጥላውን ብርሃንና ሁለት ነጭ አንሶላ ተጠቀሙ። ያኔ ሹተሩን አዘግዩ፤ 1/60 ላይ የጥላው ብርሃን ጉልበት ያገኛል፤ የተቀመጡት ሰው ረጋ ይበሉ።

የፍላሽ ሥነ ሥርዓት

ላሊበላ የሥራ ቦታ ከመሆኗ በፊት የጸሎት ቦታ ናት። ዐሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡም ውስጣቸው ቅዳሴ አላቋረጠም። ውስጥ ፍላሽ አታብሩ። ካህኑ መስቀል ይዘው ሲቆሙ በየደቂቃው ብልጭታ ዓይናቸው ላይ እንደሚያርፍ አስቡ። በገና ዕለት በቤተ ማርያም ቅጥር ላይ ነጭ የለበሱ ካህናት ከላይና ከታች ሆነው «ቤዛ ኵሉ» ሲያሸበሽቡ ፍላሻችሁ ቦርሳ ውስጥ ይሁን። የሰው ምስል ለማንሳት ደጅ አለ፣ ግቢ አለ፣ ማግስት አለ። ሰው አስቀምጣችሁ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ ምን እንደምታደርጉ አሳዩ፤ ፍላሹን አንዴ ባዶውን አብሩላቸው፣ እንዳይደነግጡ። ያነሳችሁትን አሳትማችሁ ስጡ።

እናቲቱ ሁለተኛውን ፎቶ ሲያዩ ስክሪኑን ወደ ዓይናቸው አቅርበው ጥለቱን በጣታቸው ተከተሉት፤ ከትከሻ እስከ ጉልበት። «ይኸው፣ እዚህ ጋ ክሩ ወፍሮብኛል» አሉ። ስሕተታቸው ሳይቀር ተገኝቷል።

መልመጃ

ሰው ከማስቀመጣችሁ በፊት ይህን ሥሩ። ነጠላ በጠረጴዛ ላይ አንጥፉ። እላዩ ላይ ትንሽ ባዘቶ አስቀምጡ። አጠገቡ አንድ እፍኝ የተቆላ ቡና አፍስሱ፤ ጥቂት ፍሬ ጥሬ ቡናም ጨምሩ። አንድ ፍላሽ ከጎን፣ ነጭ ወረቀት በሌላው በኩል። መጀመሪያ ፍላሹን ሩቅ፣ ቀጥሎ ቅርብ፤ መጀመሪያ ከካሜራው አናት፣ ቀጥሎ ከጎን አድርጋችሁ አንሱ። በየጊዜው ሦስት ነገር ፈልጉ፤ ባዘቶውና ነጠላው ሁለት ዓይነት ነጭ መሆናቸውን፣ የነጠላውን ፈትል መስመር፣ የተቆላው ቡና ላይ ያለውን የዘይት ወዝ። ሦስቱ በአንድ ፎቶ ላይ አብረው እስኪታዩ ድረስ ብርሃኑን አንቀሳቅሱ። ከታዩላችሁ በኋላ ዱካ አምጡና ሰው አስቀምጡ።